በኮላ የተለጠፉት መጽሔቶች

ስለዚያ ኤግዚቢሽን ሲነሣ አሁንም ደሜ ይፈላል። ወዳጆቼ «አለፈ እኮ፣ ተይው በቃ» ይሉኛል። አልተውኩትም። ይህን የምጽፈውም ልቤ እንዲቀልልኝ ብዬ አይደለም። የሆነው ነገር እንደሆነው ተጽፎ እንዲቀመጥ ስለምፈልግ ነው፤ እነሱ ለእንግዶቻቸው ባደሉት በራሪ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ብዙ ነገር አለና።

የምሠራው ልደታ ነው። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ከሚጻፍባቸውና ፎቶ ኮፒ ከሚነሣባቸው ጠባብ ሱቆች አንዷ የእኔ ናት። ጠዋት ስመጣ ባለጉዳይ መዝጊያው ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው የድንበር ጠብ ስተይብ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጠብቀኛል። የድሮ ድብቅ መጽሔቶችን እሰበስባለሁ፤ ያለ ፈቃድ የተጻፉ፣ ስቴንስል በሚባል ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ ተተይበው በእጅ በሚዞር ማባዣ የታተሙ፣ በዘምቢል ሥርና በቀሚስ ውስጥ ተደብቀው ከሰው ወደ ሰው ያለፉ። ከእነሱ ጋር የኤግዚቢሽን መጥሪያዎች፣ የግጥም ምሽት ማስታወቂያዎች፣ ሠዓሊው ሥዕሉን ትቶ ሐሳቡን ብቻ ካቀረበባቸው ዝግጅቶች የተረፉ ቁርጥራጮችም አሉኝ። አንዳንዱ ሥራ ከእሱ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ከጠፋ ሥራው ራሱ እንዳልነበረ ይሆናል።

እኅቴ ቤቴ በመጣች ቁጥር ታስነጥሳለች። «ይህን ሁሉ አቧራ አቅፈሽ የምትተኚው ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» ትለኛለች። እኔም ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ አሮጌ ወረቀት ለመጠቅለያ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ስመላለስ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እዚያ ስሜን የሚያውቅ የለም። «ወረቀቷ መጣች» ነው የሚሉኝ። ከጆንያ ውስጥ የትምህርት ቤት ደብተርና የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር እየለየሁ ስቆፍር፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጄን አቧራ ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ግን የመጽሔት ሽፋን አገኘሁ። ርእስ የለው፣ ስም የለው፣ ቀን የለው። ብቻ ማሰሪያው የተፈታ አንድ ጫማ ተሥሎበታል። መሥመሩ እጁ ባልተንቀጠቀጠ ሰው የተሠመረ ነበር። ወስጄ ሱቄ ውስጥ ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስቀመጥኩት።

እሳቸውን ያገኘኋቸው በዚያ ጫማ ምክንያት ነው።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ከቀሩት ጥቂት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ይኖሩ ነበር። ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ እንዲሰጣቸው ለወረዳው ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። እኔ «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ስል መስታወቱ ላይ አጎንብሰዋል።

«ይህን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ።

«ተክለ ሃይማኖት፣ ከመጠቅለያ ወረቀት መሃል ነው ያገኘሁት።»

«የግራ እግር ነው» አሉ። «ቀኙን ሣለው ብዬው እምቢ አለኝ። የራሱን ጫማ አውልቆ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው የሣለው።»

ማመልከቻውን ሳያስጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ግን በዘምቢል ተሸክመው መጡ። ከላይ ጎመን፣ ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት። ዘምቢሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፉ «ልማድ ነው» አሉና ጎመኑን አነሡት።

ውስጡ የቀሩት ነበሩ፤ የቁልፉ፣ የማንኪያውና የባዶ ወንበሩ መጽሔት። የጫማውም ከነሙሉ ገጹ ነበረ። ሽፋኑ ላይ ስም ያልጻፉት ሆን ብለው ነው። መጽሔት ስም ካለው ይፈለጋል አሉኝ። ስለዚህ አንባቢው «የማንኪያው ደርሶሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ማንም ሰምቶ ምንም አይጠረጥርም።

እሳቸው በዚያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን መጀመሪያ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ስቴንስሉን የሚተይቡት እሳቸው፣ የሚሥለው ጓደኛቸው ነው። ግጥሙና ጽሑፉ ከማያውቋቸው ሰዎች እጅ ይመጣል። ማባዣው ልደታ፣ እናታቸው ቤት፣ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። ማሽኑ ሲዞር ድምፁ ውጭ ይሰማል። ታዲያ እናታቸው ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሙቀጫ ይዘው በሩ ላይ ይቀመጡና በርበሬ ይወቅጣሉ።

«ማንበብ አትችልም ነበር» አሉኝ ስለ እናታቸው። «ምን እንደምንሠራም አልጠየቀችን። ማሽኑ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲነሣ ትነሣለች። ጎረቤቱ ሁሉ እነዚህ ሰዎች ምን ያህል በርበሬ ነው የሚበሉት ይል ነበር።» ሣቁ። እኔም ሣቅሁ።

ከመጽሔቶቹ ጋር ከሲጋራ ካርቶን የተቆረጠ ትንሽ ካርድ ነበረ። በታይፕ እንዲህ ይላል፦ «ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሰንጋ ተራ። ሥዕል አልተሰቀለም። ቆመው የሚያልፈውን ሰው ይመልከቱ። ሲበቃዎ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ይህ የጓደኛቸው ኤግዚቢሽን ነበር። ሰዎች መጡ። አንዱ አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሎ፣ አንዱ ጫማ የሚያስጠርግ መስሎ ቆመ። ማንም ማንንም አላናገረም። «ዐይን ለዐይን ብቻ ተያየን» አሉኝ። «ያን ጊዜ ሰው ሰውን ማየት ትቶ ነበር። ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ ነበር የሚሄደው። እሱ ቀና ብለን እንድንተያይ ፈለገ፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።» ብዙ ሳይቆይ ከቤቱ ወሰዱት። አልተመለሰም። አስከሬኑን ያየ የለም። እሳቸው መጽሔቶቹን በጆንያ ጠቅልለው የዶሮ ቤት ሥር ቀበሩ። ዶሮዎቹ ሞተው፣ እናታቸው ሞተው፣ መንግሥት ተለውጦም ሲያወጧቸው ለማን እንደሚያሳዩ አላወቁም።

«ቤቱ ይፈርሳል» አሉኝ። «እኔም ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ቁም ሣጥኔ ውስጥ የነበረውን ልብስ አውጥቼ እነሱን አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ከመድረቁ የተነሣ ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ብዙ ሰው አሁን «ፎቶ ኮፒ ቤት እያለሽ ምነው ኮፒ አላደረግሽውም?» ይለኛል፤ ያ ጥያቄም ያናድደኛል። የማሽኑን ክዳን ጭኜበት መሃሉ ሲሰነጠቅ ላየው ነበር? ሽፋኖቹን በስልኬ አንሥቻለሁ። ውስጡን ጊዜ ወስጄ ገጽ በገጽ ላነሣው አስቤ ነበር። የተሰረቀ ሰው ቤት ሄዶ «ምነው ሁለት ቁልፍ ባደረግህ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ሱቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ለስላሳ አነጋገር። ሰንጋ ተራ ከተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ላይ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ስለ ተረሱ ድብቅ ኅትመቶች ይሆናል። ስለ እኔ ከሰው ሰምቷል። «እርስዎ ያቆዩት ነገር የአገር ሀብት ነው» አለኝ። ከዚያ በፊት አቧራ እንጂ ሀብት ነው ያለኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ።

«የሚቀመጡት የት ነው?» አልኩት።

«መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በልዩ መብራት። ማንም በእጁ አይነካቸውም።»

«ኮላ፣ ፕላስተር፣ ስቴፕለር እንዳይነካቸው።»

«ኧረ በፍጹም! ምን ነካዎት?»

እሳቸውን ሳልጠይቅ አላደርገውም ብዬ ቤታቸው ወሰድኩት። ቤቱ በር ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀብቶበት ነበር። ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ የሰጡትን ሻይ ጠጥቶ፣ ታሪካቸውን ሁሉ አዳመጠ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑት።

«የእኔን ስም አትጻፉ፣ አያስፈልግም» አሉት። «የእሱን ስም ግን ጻፉልኝ። ከነአባቱ። መቃብር እንኳ የለውም፤ ስሙ የተጻፈበት ቦታ በዚህ ከተማ የለም።»

ስልኩን አውጥቶ ስሙን መዘገበ። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «እንዴት እንረሳዋለን፣ እናቴ!» አለ። እሳቸውም ፈቀዱ፤ በማግሥቱ መጽሔቶቹንና ካርዷን አስረከብኩት።

የመክፈቻው ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አዲስ ጫማ አድርገው ደጅ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጫማው ስለጠበባቸው እየተደገፉኝ ሄድን። አሳንሰሩ ውስጥ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንደ እሱ ኤግዚቢሽን ቀን ልቤ ይመታል» አሉኝ።

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ሙዚቃ ይሰማል፤ ወይን የያዙ ወጣቶች ቡድን ቡድን ሆነው ቆመዋል። መስታወት ሣጥን ፈለግሁ። የለም። ወደ ውስጥ ገባን። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀይ ተቀብቷል፣ ላዩ ላይ ወረቀት ተደርድሯል። ከሩቅ የግድግዳ ወረቀት መሰለኝ። ቀረብ ስል ማንኪያውን አወቅኩት። ግማሹን። እጀታው በወገቤ ትክክል ሲሆን፣ አፉ ደግሞ ጣሪያው ሥር ነበር። በመቀስ ቆርጠውታል። ገጾቹን ከማሰሪያቸው ገንጥለው በኮላ ለጥፈዋቸዋል። በላያቸው ላይ ወፍራም ቀይ ቀለም በብሩሽ ተጎትቶባቸዋል። መጽሔቱ በሁለት ፊት ነው የታተመው፤ በኮላ ሲለጠፍ አንዱ ፊት ግድግዳው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ግጥም ተጀምሮ መጨረሻው የለም። ያ የሲጋራ ካርቶን ካርድ መሃሉ ተበስቶ፣ ክር ገብቶበት ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። የአየር ማቀዝቀዣው ሲነፍስበት ይሽከረከራል።

እሳቸው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ዐዩት። «ስሙ የት ነው?» አሉኝ። «የእኔ ዐይን ከዚህ አያነብም፣ እስቲ ፈልጊልኝ።»

ከመግቢያው አጠገብ ትልቅ ጽሑፍ ነበረ። የሠዓሊው ስም አለ፤ የዛሬው ሠዓሊ፣ የቀባውና የቆረጠው። የአዘጋጁ ስም አለ። የማዕከሉ ስም አለ። «ማንነታቸው ባልታወቀ ሰዎች የተዘጋጁ የተገኙ ቁሳቁሶች» ይላል። ሄጄ ነገርኳቸው።

«የለም፣ እትዬ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ተመልሼ ሄጄ እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ። የለም። ያን ጊዜ ነው ድምፄ ከእኔ ቁጥጥር የወጣው። አዘጋጁን በስሙ ጠርቼ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። እየፈጠነ መጣ፣ ክንዴን ሊይዝ ሞከረ።

«እባክዎ፣ እንግዶች አሉ።»

«መስታወት ሣጥን አይደለም ወይ ያልከኝ?»

«ጽንሰ ሐሳቡ ተለወጠ» አለኝ። «በሂደቱ ከሠዓሊው ጋር ስንወያይ ቁሳቁሶቹ ሕያው ሆነው ከዛሬው ዘመን ጋር እንዲነጋገሩ...»

«ቁሳቁስ? ማንነታቸው ያልታወቀ? እሳቸው ፊት ሻይ ጠጥተህ፣ ስሙን በስልክህ መዝግበህ?»

«ዲዛይኑ ላይ ቦታ አልነበረም። ደግሞ አንቺ ሰብሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለሽም፤ ምን አገባሽ?»

እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው አንቺ ለማለት የፈጀበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

ሠዓሊውም መጣ። ጢሙን ያስረዘመ፣ እጁ ላይ ቀለም የቀረበት ጎልማሳ። እሱ አልተቅለሰለሰም፤ እሱስ ቢያንስ ያመነበትን ተናገረ። «እነዚህ የተሠሩት ላስቲክ ውስጥ እንዲቀበሩ ነው እንዴ?» አለኝ። «ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉ፣ እንዲቀደዱ ነው የተሠሩት። ቁም ሣጥን ውስጥ የገደልሻቸው አንቺ ነሽ። እኔ መልሼ ወደ ግድግዳ አወጣኋቸው።»

እሳቸው ከኋላዬ ተናገሩ። «ልክ ነው፣ እኛም ግድግዳ ላይ ለጥፈናል» አሉት በዝግታ። «የለጠፍነው ግን የራሳችንን ነው። በዚያ ላይ እንዲነበብ ነው የለጠፍነው። አንተ የለጠፍከውን እስቲ አንብብልኝ።»

ሠዓሊው ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ መሥመር ጀመረ፣ ቀይ ቀለሙ ላይ ሲደርስ አቆመ።

ከዚያ እሳቸው ወደ ግድግዳው ተጠግተው የባዶ ወንበሩን ጥግ በጥፍራቸው ማንሣት ጀመሩ። ወረቀቱ ተቀደደ። እጃቸውን መለሱ። እኔ ከመስተንግዶው ጠረጴዛ የውኃ ጠርሙስ አነሣሁ፣ ሻርፔን ነከርኩና ወረቀቱን ከጫፍ ማራስ ያዝኩ። ኮላው ገና ትኩስ ስለነበር አንዳንዱ ይለቃል። በእርጥብ ሻርፕ እያራስኩ፣ በመታወቂያ ካርዴ ጠርዝ እየፈለቀቅሁ፣ አንዱን ገጽ አወጣሁ። ሁለተኛውን ስጀምር ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ።

እንግዶቹ እያጨበጨቡ ነበር። ዞር ስል ስልካቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «ፐርፎርማንስ ነው፣ የዝግጅቱ አካል ናቸው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። እሷ እንባዬን እየቀረጸች ነበር። «ውሸት ነው! እውነተኛ ነን!» ብዬ ጮህኩ። ይህን ስል ጭብጨባው ባሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ሰውን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ጥበቃዎች መጥተው አስወጡን። ከመውጣታችን በፊት እሳቸው ካርዷን ከክሩ ፈትተው ጡታቸው መሃል ከተቱ። እኔ በእርጥብ ሻርፕ የተጠቀለሉ ጥቂት ገጾች ይዣለሁ፤ ጥጉ የተቀደደው የወንበሩ ሽፋን፣ ከቁልፉ መጽሔት ትንሽ፣ ከጫማው ምንም። መንገዱ ላይ አዲሱን ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት።

በማግሥቱ ሱቄ ቁጭ ብዬ ክስ ለመጻፍ ሞከርኩ። ዕድሜ ልኬን የሌላውን ሰው በደል በወረቀት ሳሰፍር ኖሬያለሁ፤ የራሴን ስጀምር «ጉዳዩ፦» ከሚለው ማለፍ አቃተኝ። ደንበኛዬ የሆነ አንድ ጠበቃ አማከርኩ። ደግ ሰው ነው፣ በትዕግሥት ሰማኝ።

«የንብረቱ ዋጋ ይገመታል?» አለኝ።

«ዋጋ የለውም። ተሽጦ አያውቅም።»

«ታዲያ ጉዳቱን በምን እናስረዳለን? የውሰት ውል አለሽ?»

ውሉ ያ ሻይ ነበር። የእሳቸውን እጅ በሁለት እጁ የያዘበት ነበር። ጠበቃው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን በእሱም ተናደድኩ፣ ምንም ሳያጠፋ። ዋጋ የሌለው ነገር ሲወድም ወድሟል ማለት እንደማይቻል ያን ቀን ተማርኩ። ይህን ትምህርት ባልማረው እመርጥ ነበር።

ወደ ማዕከሉ መደወሌን አላቆምኩም። ሌላ አልጠየቅሁም፤ ስሙን ጻፉ ብቻ ነው ያልኳቸው። ሰልችቷቸው ይሁን ፈርተው አላውቅም፣ በመጨረሻ ከግድግዳው ጎን ትንሽ ወረቀት ለጠፉ። ሄጄ አየሁት። የአባቱን ስም ተሳስተዋል። የሌላ ሰው አባት ነው የሰጡት። መዝግቦት አልነበረም ወይ? ያ ስልክ ላይ ሲነካካ የነበረው ምን ነበር? ቦርሳዬ ውስጥ ከነበረ ወረቀት ቀድጄ ትክክለኛውን ጽፌ በላዩ ለጠፍኩበት። በሳምንቱ ስመለስ የእኔን አንሥተውታል፤ ስሕተቱን አስቀርተዋል። «የተቋሙን የጽሑፍ ዓይነት ስለማይከተል ነው» አለችኝ በሩ ላይ የምትቀመጠው ልጅ።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ የቀሩትን ገጾች በሙያተኛ አስለቅቀው እንደሚመልሱልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። በተባልኩበት ቀን ሄድኩ። አዳራሹ ባዶ ነው። ሁለት ቀለም ቀቢዎች መሰላል ላይ ሆነው ያንን ግድግዳ ነጭ እየቀቡ ነው። ወረቀቱን አላነሡትም። ላዩን ነው የቀቡት። ከነጩ ሥር የወረቀቱ ጠርዞች እንደ ጠባሳ ተነሥተው ይታያሉ። «አቁሙ!» አልኳቸው። አንደኛው ብሩሹን እንደያዘ ወረደ። «እትዬ፣ እኛ ቀቡ ነው የተባልነው» አለኝ። «ሁለተኛ ሲቀባ አይታይም ብለውናል።» አዘጋጁን ፈለግሁት፣ ለስብሰባ ውጭ አገር ሄዷል አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ወለሉ ላይ፣ ቀለሙ እንዳይነካው በተነጠፈው ላስቲክ ላይ ቁጭ ብዬ ሲጨርሱት አየሁ። አሁን እዚያ ግድግዳ ላይ የአበባ ሥዕል ተሰቅሏል።

ያን ጊዜ የእሳቸው ቤት ፈርሶ ነበር። ከከተማው ጫፍ፣ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። ልነግራቸው ሄድኩ። ዕቃቸው ገና አልተፈታም፤ ሙቀጫው ብቻ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ስለ ቀለሙ ነገርኳቸው። ሻይ እየቀዱ ነበር። ቀድተው ጨርሰው ብርጭቆውን ሰጡኝ።

እኔ አንድ ነገር ተስፋ አድርጌ ነበር የሄድኩት። እሳቸው የተየቡት ስለሆነ፣ የጠፋውን ቢነግሩኝ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ።

«እትዬ፣ የቁልፉ መጽሔት ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ግጥም እንዴት ነበር የሚጀምረው?»

ወደ መስኮቱ ዐዩ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ የመጣ መሰለኝ። ከዚያ ዞረው ሲያዩኝ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። አዳራሹ ውስጥ እንኳ አልተቆጡም ነበር።

«የማስታውሰው ቢሆን ለአንቺ ምን አሰጠኝ?» አሉኝ። «እንዳልረሳው አይደለም እንዴ የሰጠሁሽ?»

ሻዬን ጠጣሁ። ስነሣ ካርዷ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ መሰካቷን አየሁ፤ የተበሳው ቀዳዳ መሃሉ ላይ አለ። ዐይኔ ካርዷ ላይ መቅረቱን ዐዩ።

«እሷን አልሰጥሽም» አሉ።

«እሺ» አልኩ። ሊሰጡኝም አይገባም ነበር። ግን በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ ጉንጬንም ሳሙኝ። እስካሁን እሄዳለሁ። ስለ መጽሔቶቹ አናወራም። ስለ ውኃ መጥፋትና ስለ ደረጃው እናወራለን።

የተረፉትን ገጾች በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ አስቀምጫለሁ። ገጽ በገጽ አንሥቻቸዋለሁ። ሌላ አዘጋጅ መጥቶ ነበር፣ ሴት ናት፣ ትሑት ናት፣ ምናልባትም ሐቀኛ ናት። አላስገባኋትም። ንፉግ ናት ብላ እንዳወራች ሰምቻለሁ። ትበል።

ማዕከሉ የዚያን ግድግዳ ፎቶ የኢንተርኔት ገጹ ላይ አውጥቶታል፤ ሽልማት የተሰጠው ሥራ ነው ይላል። ከሥሩ የተሳሳተው ስም አለ። እኔ በየጊዜው አስተያየት መስጫው ላይ ትክክለኛውን ስም ከነአባቱ እጽፋለሁ፤ ሌላ ምንም አልጨምርም። ባለፈው በጻፍኩት ላይ አንድ ሰው፣ ከእነሱው መሆን አለበት፣ የልብ ምልክት አደረገበት። ስሙ ግን እንደተሳሳተ ነው።